የሕማማት ረቡዕ ተሳፋሪዎች

ኤዲልማ ሞንቴሮ ዕድሜዋን ሙሉ ቲኬት የሸጠችው ለማይሳፈሩ ሰዎች ነው።

ኪዮስኳ ፓናማ አልቃ ኮስታሪካ በምትጀምርበት አስፋልት ዳር፣ ከኮስታሪካ ኢሚግሬሽን መስኮት ፊት ለፊት ነበረች። ወደዚያ የሚሻገር ቱሪስት ሁሉ ፓስፖርቱን በመስኮቱ ሲያቀብል አንድ ነገር ይጠየቃል፤ «መውጫህስ?» ከአገሩ ተመልሶ የሚወጣበትን ቲኬት ካላሳየ ማኅተም የለም። አብዛኛው ሰው ይህን የሚሰማው እዚያው ቆሞ ነው። ባለማኅተሙ ቀና ብሎም ሳያየው በእስክሪብቶው ጫፍ ወደ ኤዲልማ ይጠቁመዋል። ቱሪስቱ ሻንጣውን ተሸክሞ፣ ላቡን እያንጠባጠበ አስፋልቱን ተሻግሮ ይመጣል።

«መቼ ነው የምትወጣው?» ትለዋለች።

«እኔ እንጃ። ገና መግባቴ ነው እኮ።»

«መውጫ ሳትይዝ አትገባማ፣ ልጄ።»

«እሺ፣ የትኛውም ቀን ይሁን። መቼም አልሳፈርበት።»

የምትሸጠው ከኮስታሪካ ዋና ከተማ ከሳንሆሴ ተነስቶ በዚሁ ድንበር በኩል ወደ ፓናማ ሲቲ የሚያልፈውን አውቶቡስ ቲኬት ነው። ገዢዎቿ ግን በአውሮፕላን ይወጣሉ፣ በሰሜን በኩል ወደ ኒካራጓ ያልፋሉ፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይወጣም። ቲኬቱ የሚያገለግላቸው ከኪዮስኩ እስከ መስኮቱ ድረስ ብቻ ነው። ኤዲልማ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ሆኖም ስማቸውን ከጻፈች በኋላ ሁልጊዜ ትጠይቃለች፤ «ወንበሩ መስኮት ጋ ይሁን መተላለፊያ ጋ?»

አንድ ቀን አንዲት ወጣት፣ ባሏ ማኅተም ተመትቶለት ወዲያ ማዶ ቆሞ ሲጠብቃት፣ እሷ ቲኬት የለሽም ተብላ ተመልሳ ኪዮስኩ ፊት ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ልጅቷ አልቅሳ እስክትጨርስ፣ አፍንጫዋን እስክትጠርግ ኤዲልማ በትዕግሥት ጠበቀቻትና፣ «መስኮት ጋ ይሁን መተላለፊያ ጋ?» አለቻት።

አጠገቧ ጥላ ዘርግታ ሎተሪ የምትሸጠው ቻባ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንቺ ሴትዮ፣ ሲኦል በር ላይ ስትደርሺ እንዲሁ ብለው ነው የሚጠይቁሽ!»

«መተላለፊያ ጋ እላቸዋለሁ። ቶሎ ለመውረድ።»

ኤዲልማ ከረጅም ጊዜ ሥራ ያበጀችው አንድ ልማድ ነበራት። ቱሪስት የሚበዛው ከጥር ጀምሮ ነው። የትኛውም ቀን ይሁን የሚላትን ሁሉ የሕማማት ሳምንት ረቡዕ ላይ ትጽፈዋለች። ከበዓሉ በፊት የመጨረሻው አውቶቡስ የሚነሳው ያን ቀን ነው፤ ሐሙስና ዓርብ በዚያ አገር መንገድ ላይ አውቶቡስ አይታይም። ቀኑን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ባለማኅተሙ በጣቱ ወር እየቆጠረ አይጨቃጨቅም፣ ቱሪስቱም ቀኑን ተሳስተሽ ጻፍሽብኝ ብሎ አይመለስም። ለሷ እንዲህ ይቀላታል። በዚህ የተነሳ አውቶቡሱ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚሞላው በዚያ ረቡዕ ነው፤ የሚሞላው ግን በወረቀት ነው።

ሾፌሩ ዶን ኤቤሊዮ ለእነዚህ የወረቀት ተሳፋሪዎች ስም አውጥቶላቸዋል። ድንበሩ ላይ ሲያቆም ከመሪው ሳይወርድ በመስኮት ይጮህላታል፤ «ዶንያ ኤዲ! መናፍስትዎን አመጣሁልዎት! ምን ዓይነት ጨዋ ሕዝብ ነው፤ አይተፋ፣ አይጣላ፣ ሽንት ቤት አቁምልኝ አይል!»

ድሮ ሳንሆሴ መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ የቀረ ሰው ካለ ዶን ኤቤሊዮ በመናፍስቱ ወንበር ላይ ያስቀምጠው ነበር። አንድ ጊዜ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ጭኖ ድንበር ላይ ከነተሳፋሪዎቹ ከቀትር እስከ ማታ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ የአውቶቡስ መሥሪያ ቤቱ ሕግ ጠበቀ። የተሳፋሪው ስም ዝርዝር ከመነሻው ሰዓት በፊት ተዘግቶ ወደ ድንበር ይላካል፤ ስሙ የሌለበት ሰው በሩን አያልፍም፣ ወንበሩ ባዶም ቢሆን።

ኤዲልማ የምትኖረው ከኪዮስኳ ጀርባ ባለው ሰፈር ከእናቷ ከዶንያ ቶማሳ ጋር ነው። ድንበሩ አጥር የለውም፤ ከሳንሆሴ የሚመጣው አውቶቡስ መስኮቱ ጋ ከመቆሙ በፊት በቤታቸው ደጅ ያልፋል። ዶንያ ቶማሳ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ጠዋት ኤዲልማ ታጥባቸዋለች፣ በወተት የተቀቀለ ሩዝ ታጎርሳቸዋለች፣ ደጅ በረንዳው ላይ ባለችው ተወዛዋዥ ወንበር ላይ ታስቀምጣቸውና ወደ ሥራ ትሄዳለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ አታወራም። የምትናገረው ቢኖር «ክንድዎን ያንሡ»፣ «አፍዎን ይክፈቱ» ነው። አንድም ቀን አስርባቸው ወይም አቆሽሻቸው አታውቅም። ጎረቤት ይመሰክርላታል።

ታናሽ እህቷ ኒቪያ ሳንሆሴ ውስጥ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። የገባችው እንደ ማንኛውም ቱሪስት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተፈቀደላት ጊዜ ሲያልቅ በየሦስት ወሩ ወደ ድንበር ትመጣ ነበር። ከእናቷ ጋር አንድ ሌሊት ታድራለች፤ በማግስቱ ከእህቷ ኪዮስክ መውጫዋን ገዝታ፣ አዲስ ማኅተም አስመትታ ትመለሳለች። ስትመጣ ዶን ኤቤሊዮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ይነፋል። ዶንያ ቶማሳ ያን ድምፅ ሲሰሙ በዚያ በደከመ ዓይናቸው ከወንበራቸው ተነስተው በግድግዳው እየተደገፉ እስከ መንገዱ ይወጣሉ። ኤዲልማ ጠዋት ከአልጋ እስከ በረንዳ ተሸክማ የምታወጣቸው እኚሁ ሴትዮ ናቸው።

ከዚያ ኒቪያ ቀረች። ቀኗ አለፈባት፤ አንዴ ካለፈባት ደግሞ ብወጣ አያስገቡኝም፣ እንጀራዬን አጣለሁ ብላ ፈራች። በየፋሲካው እመጣለሁ ትላለች፤ አትመጣም። ባለፈው ዓመት ግን ማለችና ኤዲልማ ወንበር ያዘችላት። ዶንያ ቶማሳ የቅዳሴ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተጎንጉነው በረንዳው ላይ ዋሉ። አውቶቡሱ መጣ፤ ጥሩምባ ሳይነፋ አለፈ። «አልሰማንም ይሆናል» አሉ ዶንያ ቶማሳ። ዝናብ ጀምሮ በጎን እየመታቸው አልነሣም ብለው ቆዩ። ልብሳቸውን የቀየረችላቸው ኤዲልማ ናት።

ዘንድሮ ዶንያ ቶማሳ ከሆሳዕና በፊት ወደቁ። ሐኪሙ መጥቶ አያቸውና ኤዲልማን ወደ ጓሮ ወስዶ፣ ያላቸውን ዘመድ ሁሉ ጥሪ አላት። ኒቪያን ጠራቻት። ማክሰኞ ጠዋት ኒቪያ ኪዮስኩ ድረስ ደወለች።

«ኤዲዬ፣ የአገር ውስጦቹ አውቶቡሶች በሙሉ አልቀዋል። የናንተውም እዚህ ያለው አልቋል አሉኝ። አንቺ ጋ የቀረ አይጠፋምና የነገውን ያዢልኝ።»

«ባለፈው ዓመትም ይዤልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ እህቴ። አውቃለሁ። ዘንድሮ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ፤ እመጣለሁ። ለእማዬ ንገሪያት።»

«ጥሩ።»

«ያዝሽልኝ?»

«ያዝኩልሽ አልኩሽ።»

አንድ ወንበር ነበር የቀረው። ኤዲልማ ስልኩን ዘግታ እስክሪብቶዋን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ያ ቀሚስ፣ ያ በዝናብ የራሰ ሹሩባ ፊቷ ላይ መጣ። ትምጣና ይታያል አለች በልቧ። ለእናቷ ማዘኗ ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም፤ ያ ብቻ ነበር ቢባል ግን ውሸት ነው።

ከቀትር በፊት አንድ ልጅ እግር ቱሪስት፣ ከቁመቱ የሚበልጥ የባሕር መንሸራተቻ ጣውላ ተሸክሞ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ መጣ።

«መውጫ አምጣ አሉኝ» አለ እየሳቀ። «የትኛውም ቀን ይሁን።»

ቻባ ከጥላዋ ሥር ሆና፣ «የነገው አልቋል አላልሽም? ለእህትሽ አይደል የቀረችው?» አለች።

ኤዲልማ የልጁን ስም ከፓስፖርቱ ላይ ገልብጣ የነገውን ቀን ጻፈችበት።

«ወንበሩ መስኮት ጋ ነው» አለችው። «ሌላ የለም።»

«ጣውላዬንም ታስቀምጭልኛለሽ?» ብሎ ሳቀ። ኤዲልማ የኪዮስኩን ማኅተም ቲኬቱ ላይ መታች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ቤቱን ጥሩምባ ሳይነፋ አልፎ ድንበሩ ላይ ቆመ። ዶን ኤቤሊዮ እንደ ልማዱ አልጮኸም። ከመሪው ወርዶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ኪዮስኩ መጣ። በእጁ አንድ የጨርቅ ቦርሳ ይዟል።

«ዶንያ ኤዲ፣ ኒቪያ እኮ መናኸሪያ ነበረች።»

ኤዲልማ ወረቀቶቿን እያስተካከለች ነበር። «መጣች?»

«መጣች እንጂ! ገና ሳይነጋ መጥታ በሩ ላይ ቁማለች። እህቴ ወንበር ይዛልኛለች ትላለች። አዩላት፤ ስሟ የለም። ተዘግቷል አሏት። መናፍስትዎ ያን ሁሉ ወንበር ይዘው በመስኮት ይታያታል፣ ባዶውን! ስነሳ ጫማዋን አውልቃ በሩን ደበደበችው። ‹ዶን ኤቤሊዮ፣ እናቴ ናት፣ ቆሜ እሄዳለሁ› ትለኛለች። ምን ላድርግ? አንዴ ተይዣለሁ። ልጆች አሉኝ።» ቦርሳውን በመስኮቱ አሳለፈላት። «ይህን በመስኮት ወረወረችልኝ። ለእማዬ ስጥልኝ ብላ።»

«ሕጉ ሕግ ነው» አለች ኤዲልማ።

ሰውዬው ለረጅም ጊዜ አያት። «እርስዎ ስሟን አልጻፉትም እንዴ?»

«ሞልቶ ነበር።»

ኪዮስኩን ዘግታ ወደ ቤት ሄደች። ዶንያ ቶማሳ ዓይናቸው ተከድኖ፣ በዝግታ እየተነፈሱ ተኝተዋል። ቦርሳው ውስጥ የኒቪያ የአንገት ልብስ ነበር፤ ለእናትዋ ብላ የጠቀለለችው አንድ ሳሙናና ትንሽ የስኳር ከረሜላም አለ። ኤዲልማ የአንገት ልብሱን አውጥታ እናቷ ደረት ላይ አኖረችው። ለምን እንዳደረገችው ብትጠየቅ ብርድ እንዳይመታቸው ትል ነበር፤ ቤቱ ግን እንደ ምድጃ ይግል ነበር።

ዶንያ ቶማሳ አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ። ጨርቁን በጣታቸው ዳበሱ፤ አሸተቱት። ከዚያ እጃቸውን ወደ አየር ዘረጉ። ኤዲልማ ያዘችው።

«መጣሽ» አሉ። «ኒቪያዬ። መጣሽ።»

ኤዲልማ ወደ አልጋው ጠጋ አለች።

«በሩን ዝጊው። ያቺ እንዳትሰማ።»

በሩ ዝግ ነበር። ኤዲልማ በነፃ እጇ መዝጊያውን እንዲሰሙት ገፋ አድርጋ አንኳኳችው።

«ቦታ አትይዝልሽም ብዬ ፈርቼ ነበር» አሉ ዶንያ ቶማሳ። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነበር። «ታጥበኛለች፣ ታበላኛለች፤ አልዋሽባትም። እጇ ግን... እንደዚያ እንደሚመታው ነገር ነው። እንደ ማኅተም። ዱብ። ዱብ።» ትንሽ ሳቁ። የኤዲልማን እጅ ወደ ጉንጫቸው አስጠግተው አሻሹት። «ይኸው፣ የልጄ እጅ። ለስላሳ። ይህ ነው የናፈቀኝ።»

ኤዲልማ እጇን አላንቀሳቀሰችም።

«አለመምጣትሽን አልተቀየምኩሽም። ተቀይማኝ ይሆን ብለሽ እንዳታስቢ፣ አንድም ቀን። ይህን ስሚኝ። ሰማሽ?»

ኤዲልማ የእናቷን እጅ ጠበቅ አደረገችው። ዶንያ ቶማሳም ያን እንደ መልስ ቆጥረው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። በጸሎተ ሐሙስ ጠዋት አረፉ።

ሙቀቱ አስከሬን ለማቆየት ስለማይመች በማግስቱ ተቀበሩ፤ ዓርቡ ደግሞ ስቅለት ነው፣ ቅዳሴ የለም። ቄሱ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ አጭር ጸሎት አደረሰና ሄደ። ደወል አልተደወለም። በቀብሩ ላይ የተገኙት ቻባና ጥቂት ጎረቤቶች ናቸው። ቻባ ስታለቅስ ኤዲልማ አፈሩ ሲሞላ ቆማ አየች።

ኒቪያ ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣች። የቆየችበትን ቅጣት ድንበሩ ላይ ከፍላ ነው የወጣችው። ቤቱ ደጃፍ ላይ ወንበሮች ተደርድረው፣ ለሟች ለሚደረገው የዘጠኝ ሌሊት ጸሎት ሻማ ሲዘጋጅ ስታይ እዚያው መንገዱ ላይ በጉልበቷ ወደቀች። ጎረቤቶች አነሷት። ከሁሉም ፊት ወደ እህቷ ሄደች።

«ይዤልሻለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«ሞልቶ ነበር።»

«ባዶ ነበር! በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ኤዲልማ! ተኝተው የሚሄዱበት ባዶ ወንበር ነበር!»

«በወረቀት ሞልቶ ነበር። አንቺም አምና በወረቀት መጥተሽ ነበር።»

ሴቶቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ኒቪያ ተቀመጠች። አንዷ ቡና ይዛላት መጣች፤ አልነካችውም። ሲመሽ፣ ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲበተን፣ ኒቪያ ኤዲልማ ሳህን ወደምታጥብበት ጓሮ መጣች። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር።

«ኤዲዬ፣ ተዪው የወንበሩን። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ተቀይማኝ ነው የሄደችው?»

ኤዲልማ ሳህኑን አጠበች፤ አንድ ሌላም አነሳች።

«ስለኔ ምን አለች? ክፉም ቢሆን ንገሪኝ። ልስማው።»

«ስምሽን አላነሳችም» አለች ኤዲልማ።

ኒቪያ ቤት ውስጥ ከእናቷ ልብስ መካከል የራሷን የአንገት ልብስ አላገኘችውም። ዶንያ ቶማሳ ይዘውት ተቀብረዋል፤ ጣታቸው አልለቅ ብሎ። ይህንም ማንም አልነገራትም።

ሰኞ አሠሪዎቿ ካልመጣሽ ሌላ እንይዛለን ብለው ደወሉላት። ዘጠኙ ሌሊት ሳያልቅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ድንበሩ ወረደች። ቅጣቷን ከፍላለችና እንደ አዲስ ቱሪስት ሊያስገቧት ይችላሉ። ባለማኅተሙ ፓስፖርቷን አገላበጠና፣ «መውጫሽስ?» አላት። በእስክሪብቶው ጫፍ ጠቆመ።

አስፋልቱን ተሻግራ ከኪዮስኩ ፊት ቆመች። እህትማማቾቹ በመስኮቱ ቀዳዳ ተያዩ። ቻባ ከጥላዋ ሥር ተነስታ ራቅ አለች።

«ለመቼ ነው?» አለች ኤዲልማ።

«የትኛውም ቀን ይሁን» አለች ኒቪያ።

ያን ቃል ኤዲልማ ከስንት አፍ ሰምታዋለች፤ ምን ማለት እንደሆነም ታውቃለች። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆም አለ። ከዚያ ሳትጠየቅ የእናታቸውን የወር መታሰቢያ ቅዳሴ ቀን ጻፈች፤ ኒቪያም ቀኑን አነበበችው።

«መስኮት ጋ ይሁን መተላለፊያ ጋ?»

ልማድ ነው፤ ሳታስበው ከአፏ የወጣ። ኒቪያ አተኩራ አየቻት።

«ኤዲልማ፣ እማዬ ስትሞት በእውነት ምንም አላለችኝም?»

ከኋላዋ ሁለት ቱሪስቶች ቆመው ነበር። አንዱ ሻንጣውን ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው አሸጋሸገ። ኤዲልማ እጇን አየችው፤ ማኅተሙን ጨብጦ አየር ላይ ቀርቷል።

«ምንም» አለች። እጇ ወረደ። ዱብ።

ኒቪያ ቲኬቷን ይዛ ተሻገረች። መስኮቱ ጋ አሳየችው፤ ማኅተም ተመታላት፣ ገባች። ወደ ኋላ አልዞረችም።

የወሩ ቅዳሴ በዋለበት ቀን ኤዲልማ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ቤት አልገባችም። ጥቁሯን እንደለበሰች እናቷ ይቀመጡባት በነበረችው ወንበር ላይ ሆና መንገዱን ስታይ ዋለች። አውቶቡሱ መጣ፤ ጥሩምባ ሳይነፋ አለፈ። ተነስታ ተከተለችው። ድንበሩ ላይ ስትደርስ ሰው ወርዶ አልቆ ነበር።

ዶን ኤቤሊዮ ከዚያ ረቡዕ ወዲህ አኩርፏት ነበር። ዛሬ ግን በሐዘን ልብሷ እግሯን እየጎተተች ስትመጣ ሲያያት ሳያዝንላት አልቀረም፤ በድሮው ልማዱ ሊያጫውታት አሰበ። የቀረውን ተሳፋሪ ስም አላነበበም፤ ባዶውን ወንበር ብቻ ነው ያየው። ከመሪው ላይ ሆኖ በመስኮት ብቅ አለ።

«ዶንያ ኤዲ! ዛሬ አንድ መንፈስ ብቻ ነው ያመጣሁልዎት።»